በጥንቱ የካንቶንኛ ሲኒማ የቀለዱ ሁለት ፊልሞች

ጄፍሪ ላው በ1992 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «የ92ቷ ጥቁር ጽጌረዳ» እና ስቲቨን ቾው በ2004 የሠራው «ኩንግ ፉ ሀስል» ሁለቱም በካንቶንኛ፣ ማለትም በሆንግ ኮንግ በሚነገረው የቻይና ቋንቋ፣ የተሠሩ የቆዩ የሆንግ ኮንግ ፊልሞችን እያስታወሱ ያስቃሉ፤ የሚቀልዱበት መንገድ ግን እጅግ ይለያያል።

የመጀመሪያው ቾር ዩን በ1965 ከሠራው የጥቁር ጽጌረዳ ፊልም የተነሣ ሲሆን፣ ቀልዱ በዋናነት የተመሠረተው በትወና ላይ ነው። ቶኒ ሊዩንግ ካ-ፋይ የ1960ዎቹን ተወዳጅ ተዋናይ የሉይ ኪን አነጋገርና አኳኋን አጋኖ በማስመሰል የሆንግ ኮንግ ፊልም ሽልማትን በምርጥ ወንድ ተዋናይነት አሸንፎበታል። በዚያው ዘመን በሕፃንነቷ ዝነኛ የነበረችው ፉንግ ቦ-ቦ ጎልምሳ ተመልሳ ባደገችበት ሲኒማ ላይ ስታሾፍ ማየት ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ከፊልሙ ሁሉ የሚጥመው ነገር ነው፤ እርሷም በምርጥ ረዳት ተዋናይትነት ተሸልማለች።

«ኩንግ ፉ ሀስል» በአንጻሩ የሚያጋንነው ድርጊትን ነው። ተከራዮች የተጨናነቁበት ግቢ የቾር ዩንን ሌላ ፊልም፣ በ1973 የወጣውን የሰባ ሁለት ተከራዮች ታሪክ ያስታውሳል፤ በማብቂያው ላይ ከሰማይ የሚወርደው የመዳፍ ምትም ከ1960ዎቹ የቡድሃ መዳፍ ፊልሞች የተወረሰ ሲሆን፣ በኮምፒውተር በተሠራ ምስል ገዝፎ ቀርቧል።

ስለዚህ የድሮዎቹን ፊልሞች ያላየ ተመልካች በሁለተኛው ያለ ችግር ሊስቅ ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን፣ ምንም እንኳ ይበልጥ የረቀቀ ቢሆን፣ አብዛኛውን ጨዋታውን ለሚያውቁት ብቻ ያስቀምጣል።