አሳው አምስት፣ መስተንግዶው ሁለት፣ አቶ ኃይለማርያም እንጃ

ሀዋሳ ሄዶ አሳ ሳይበላ የተመለሰ ሰው ሄጃለሁ አይበል። አሞራ ገደል አካባቢ ካሉት አሳ ቤቶች አንዱ ገብተን ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ትንሽ ስለምወቅሰው።

መጀመሪያ ምስጋናው። ሙሉ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ጥብስ አዘዝን። ላዩ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ነጭና እርጥብ ነው። ዳጣው እውነተኛ ዳጣ ነው፣ አፍንጫ ያስጠርጋል። የአሳ ሾርባውም ይጠጣል። ጉላሹን ግን ተዉት፣ አሳ የተጨመረበት ቲማቲም ነው።

መስተንግዶው? እጅ መታጠቢያው ጋ ሳሙና የለም። አስተናጋጁ «መጣሁ» ብሎ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ውጭ የተኮለኮሉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከእኛ በፊት በሉ። ሎሚ ሦስቴ ጠይቀናል።

ወሬው የተነሳው እንግዲህ ስንጠብቅ ነው። አጠገባችን ድሮ ክልል ቢሮ የሠሩ አንድ ጋሼ ተቀምጠዋል። ጓደኛዬ ስለ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲያወራ ሰምተው «ልጄ፣ እሱን የመረቁት ሰውዬ እኮ እዚችው ከተማ አለቃችን ነበሩ» አሉት። የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝን ማለታቸው ነው።

የአርባ ምንጭ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዲን የነበሩ፣ ፊንላንድ ታምፔሬ ድረስ ሄደው የተማሩ የወላይታ ልጅ፣ በ1994 የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት ሆነው ሀዋሳ ተቀመጡ፣ በ1998 አዲስ አበባ ገቡ፣ በ2003 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፣ ነሐሴ 2004 አቶ መለስ ሲያርፉ ወንበሩ እሳቸው ጋ ደረሰ።

ጓደኛዬ «ወንበሩን እንጂ ጉልበቱን አልወረሱም» ባይ ነው። ፓርኩን ሐምሌ 2008 መረቁ፣ መስከረም 2009 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ጋሼ ግን ሰውዬው ጨዋ ነበሩ ብለው ይሟገታሉ። እኔ «ሎቄስ?» አልኩ። በ1994 ግንቦት እዚሁ ሀዋሳ ጫፍ ሎቄ ላይ ሰልፈኞች ሲገደሉ የክልሉ ፕሬዚዳንት እሳቸው ነበሩ። ጋሼ ዝም አሉ። ሀዋሳ ላይ ይሄ ጥያቄ ቀላል አይደለም፣ ባልጠየቅኳቸው ብዬ ነበር።

ቆይተው «የመሩት ክልል ራሱ የለም እኮ» አሉ። እውነት ነው። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተከተለ፣ በ2015 የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። ሀዋሳም ዛሬ የሲዳማ ዋና ከተማ ናት።

እኔን የሚገርመኝ የካቲት 2010 ነው። የመፍትሔው አካል ለመሆን ብለው ሥልጣን ለቀቁ። ተገፍተው ነው የሚል አለ፣ ሊሆንም ይችላል። ግን የተገፋ ሁሉ መቼ ይለቃል? ወንበር ላይ የሞተና የተባረረ እንጂ ደብዳቤ ጽፎ የወጣ መሪ አላየንም ነበር። በክልል ሥራቸው ብዙ የሚወቀስ አለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነውም ደካማ ነበሩ፣ አወጣጣቸውን ግን አልንቅም። ጓደኛዬ አሁንም አልተስማማም። ጋሼም ስለ ሎቄ ሳይመልሱልኝ ተነሱ።

ለማንኛውም ሂዱ፣ ለቆሮሶው። ማልዳችሁ ሂዱ፣ ሳሙናም ይዛችሁ። ሎሚው ሂሳብ ከፍለን ስንወጣ መጣ።