«መረጃዎን ክላውድ ላይ እናስቀምጣለን» የሚል ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ሀዋሳ ውስጥ ሱቅ፣ ፋርማሲ፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም የጅምላ መደብር ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ። ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ በየንግድ ቤቱ እየዞሩ የሽያጭና የዕቃ ቁጥጥር ፕሮግራም የሚያስገቡ ሻጮች አሉ። «ኮምፒውተርዎ ቢሰረቅም ቢቃጠልም አንዲት ቁጥር አትጠፋም፤ ሁሉም ክላውድ ላይ ነው» ይላሉ። ክላውድ ማለት በኢንተርኔት የሚደረስበት የሌላ ኩባንያ ኮምፒውተር ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ርካሽ ነው። ጉዱ የሚመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው።

የነጋዴዎችን ሒሳብ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ከደንበኞቼ አንዷ የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍሉ ወይዘሮ ናቸው። ዓመቱ ሲሞላ ሻጩ ክፍያውን ከእጥፍ በላይ አድርጎ ጠየቃቸው። ሊደራደሩ ጥቂት ሲቆዩ አንድ ጠዋት ፕሮግራሙ አልከፈት አለ። የሽያጭ መዝገቡ፣ የመጋዘን ቆጠራው፣ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ የዱቤ ዝርዝሩ እዚያ ውስጥ ቀረ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ በዱቤ የወሰዱትን ሰዎች አንድ በአንድ እየደወሉ «ልጄ፣ አንተ ዘንድ ስንት ቀርቶኝ ነበር?» እያሉ ሲጠይቁ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ደጉ ያለበትን ሳይደብቅ ተናገረ። ሌላው ቀናንሶ ነገራቸው። አንዱማ «እትዬ፣ እኔ እኮ ጨርሼ ከፍያለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። በምን ይከራከሩት?

ውሉን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለ ክፍያና ስለ ቅጣት በዝርዝር ያትታል። መረጃው የማን ንብረት እንደሆነ፣ ውሉ ሲቋረጥ በምን መልክና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ ግን አንድም መስመር የለውም። የክላውድ አካውንቱም የተከፈተው በሻጩ ስምና ኢሜይል ነው። መጋዘን በገንዘባችሁ አሠርታችሁ ካርታውን በደላላው ስም እንዳወጣችሁ ቁጠሩት።

ይህን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። አማዞን፣ ጎግልና ማይክሮሶፍትን የመሳሰሉ የክላውድ አቅራቢዎች ሕንፃውን፣ ማሽኑንና ኃይሉን ይጠብቃሉ፤ የይለፍ ቃሉን፣ ማን ገብቶ ምን እንደሚያይና መጠባበቂያ ቅጂ መኖሩን መቆጣጠር የደንበኛው ድርሻ እንደሆነ ራሳቸው በግልጽ ጽፈዋል። መሃል ላይ ሻጭ ሲገባ ደግሞ እነሱ የሚያውቁት ደንበኛ ሻጩን እንጂ እናንተን አይደለም። አቤት ብትሉም መረጃውን አውጥተው አይሰጧችሁም።

«ክላውድ አይጠፋም» የሚለውም ሐሰት ነው። መጋቢት 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች መረጃቸው እስከ ወዲያኛው ጠፍቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት ዩኒሱፐር የተባለ የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ ጎግል ክላውድ ላይ የነበረው አገልግሎት በአሠራር ስህተት ተሰረዘበት። ከሌላ አቅራቢ ዘንድ ያስቀመጠው ቅጂ ነው ለማገገም የረዳው። ጎግል ቤት የደረሰ ነገር እኛ ጋር አይደርስም የሚል ሰው ካለ አትስሙት።

ስለዚህ ሻጩ ሲመጣ አካውንቱ በእናንተ ስም፣ ኢሜይልና ስልክ ቁጥር ይከፈት በሉት፤ ከይለፍ ቃሉ ቀጥሎ የሚጠየቀው ሁለተኛው የማረጋገጫ ኮድም ወደ እናንተ ስልክ ይምጣ። ገና ሳትፈርሙ፣ ዓይናችሁ እያየ፣ የሙከራ ሽያጭ አስገብቶ ሙሉውን መዝገብ በኤክሴል ያውጣላችሁ። «በኋላ እናስተካክላለን» ካለ አሰናብቱት። ውሉ ሲቋረጥ መረጃው በስንት ቀን እንደሚመለስ ውሉ ላይ ይጻፍ። በየሳምንቱ አንድ ቅጂ ወደ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ገልብጡና ቤታችሁ አኑሩት፤ ሱቅ ውስጥ ከተቀመጠ ሌባውም እሳቱም አንድ ላይ ይወስደዋል። ቅጂው መከፈቱንም አልፎ አልፎ ሞክሩ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይሰጠው፤ ሥራ የለቀቀ ገንዘብ ተቀባይ መግቢያው የዚያኑ ቀን ይዘጋ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፕሮግራሙ መሸጥ እንደሚችልም ጠይቁ፤ እዚህ ከተማ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

የግብር ሕጉ መዝገብ የመያዝ ግዴታን የጣለው በነጋዴው ላይ ነው። ኦዲተር ሲመጣ «ሻጩ ዘግቶብኝ» የሚለው መልስ አያድንም። የደንበኞቻችሁን ስምና ስልክ በሚመለከት ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መረጃውን ለሻጭ ስላስረከባችሁ ብቻ ከኃላፊነት ነፃ የምትሆኑ እንዳይመስላችሁ።

አስቀድማችሁ የፈረማችሁ፣ ፕሮግራሙ ሳይዘጋባችሁ ዛሬውኑ የዱቤ ዝርዝሩንና የዕቃ ቆጠራውን አውጡ፤ ፕሮግራሙ መረጃ ማውጣት የማያስችል ከሆነ እያንዳንዱን ገጽ አትሙት። የእድሳት ክፍያ የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው። ወይዘሮዋ ለንግድ ቢሮ አቤቱታ እያዘጋጁ ስለሆነ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ውላችሁንና ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ከእሳቸው ጋር ተባበሩ።