ተጠንቀቁ! «የተረጋገጠ ጥንድ» ብሎ ሁለት ሴት ወፍ ሸጠልኝ

ከሻጩ ዘንድ አሁን መመለሴ ነው። የሞተችው ወፍ የእግር ቀለበት አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። ንዴቴ ስላልበረደ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

በቀቀን የምታረቡ ሰዎች ይሄን ዓይነት ሻጭ ታውቁታላችሁ። ያው «ሁለት ዙር ፈልፍለው አሳድገዋል፣ የምሸጣቸው ቦታ ስለጠበበኝ ነው» የሚለው። ወፎቹ ላቭበርድ ናቸው፣ ፊታቸው ቀላ ያለው ዓይነት። የዚህ ዝርያ ወንዴና ሴቴ በመልክ አይለይም። እንደ ባጂ (ያቺ ትንሿ በቀቀን) ከመንቁሩ በላይ ያለውን ቆዳ አይቶ «ሰማያዊ ነው፣ ወንድ ነው» ማለት የለም። ይሄን ደግሞ አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ እያወቅኩ ነው የተሸወድኩት።

አንዷን ከኬጅ አወጣና ገለበጣት። የዳሌ አጥንቷን በጣቱ ዳሰሰ። «ሰፊ ነው፣ ሴት» አለ። ሁለተኛውን አወጣ፣ ዳሰሰ፣ «ጠባብ፣ ወንድ» አለ። ፍጥነቱን ብታዩት ሐኪም ነው የሚመስላችሁ። ሁለቱም እግራቸው ላይ ቀለበት አላቸው። ላንብበው ብዬ ጎንበስ ስል አውራ ጣቱ ቀለበቱ ላይ አርፏል። በሁለተኛውም ጊዜ ጣቱ እዚያው ነበር። አያያዙ መሰለኝ።

«የፆታ ምርመራ ወረቀት የላቸውም?» ብዬ ጠየቅኩ።

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ እኔን ትቶ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «እህቴ፣ የምታረቢው ወረቀት ነው ወይስ ወፍ?» አለ። እህል የሚሰፍረው ልጅ ሳቀ። ገንዘብ የምትቀበለዋም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አዎ፣ ሙድ ሲያዝብኝ አብሬ ሳቅኩና ቦርሳዬን ከፈትኩ!

ቤት እንደገቡ ወረቀት በረጃጅሙ እየቀደዱ፣ ከጅራታቸው በላይ ባለው ላባ ውስጥ እየሻጡ ወደ ጎጆ ሳጥኑ ማመላለስ ጀመሩ። ሁለቱም። በዚህ ዝርያ ይሄ የሴቷ ሥራ ነው፤ ወንዱ ቢሞክርም መንገድ ላይ ያንጠባጥበዋል። እኔ ግን «ወይ ፍቅር!» እያልኩ ቪዲዮ ቀረጽኩ።

አንዲት ላቭበርድ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 እንቁላል ነው የምትጥለው። ሳጥኑ ውስጥ 11 ቆጠርኩ። ያኔም አልባነንኩም፣ ጭራሽ «ጎበዝ እናት» አልኩ። የሚታቀፉት 23 ቀን ገደማ ነው፤ እኔ 30 ጠበቅኩ። በባትሪ ሳያቸው ሁሉም ባዶ፣ አንድ የደም ሥር የለም። ተናድጄ ሁሉንም አውጥቼ ጣልኩ። ይሄ እንኳን የራሴ ጥፋት ነው። እንቁላሏን ስትወስዱባት እንደገና ትጥላለች፤ አጥንቷ ውስጥ ያለው ካልሲየም እየተሟጠጠም ቢሆን።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ትንሿን የኬጁ ወለል ላይ ላባዋን ነፍታ ተቀምጣ አገኘኋት። በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል። በርዷት ነው ብዬ ኬጁ ላይ ጨርቅ ደርቤ ሥራ ሄድኩ። ሥራ ሄድኩ!

ማታ ሐኪም ዘንድ ሳደርሳት ሆዷን ነካ አድርጎ «እንቁላል ተቀርቅሮባታል» አለ። ምን እንደምትበላ ጠየቀኝ። «እህል፣ አብዛኛው ሱፍ» አልኩት፤ ሻጩ ያዘዘኝ እሱን ነው። ሱፍ ያወፍራል እንጂ ካልሲየሙ እዚህ ግባ አይባልም። ካልሲየም ሲያንስ ደግሞ እንቁላሉን የሚገፋው ጡንቻ አቅም ያጣል። እያወራን ጠረጴዛው ላይ ሞተች።

ሐኪሙ ቀለበቷን ቆርጦ አወጣና ጠርጎ አነበበልኝ። የአርቢው ምልክት፣ ዓመት፣ ቁጥር። ዓመቱ እኔ የገዛኋት ዓመት ራሱ ነው። ራሷ ገና ልጅ ነበረች፣ ሁለት ዙር የፈለፈለችው መቼ ነው? ቀለበቱ መክፈቻ የሌለው ድፍን ነው፤ ጫጩቷ የሳምንት፣ የአሥር ቀን ልጅ ሳለች ካልሆነ አይገባም። ቤት ሮጬ የሌላኛውን አየሁ። ምልክቱ ያው፣ ዓመቱ ያው፣ ቁጥሩ የሚቀጥለው። የአንድ ጎጆ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። ትናንት ደግሞ ያ «ጠባብ፣ ወንድ» የተባለው ብቻውን እንቁላል ጣለ።

ዛሬ ሄጄ ቀለበቱን ፊቱ አስቀመጥኩለት። አልነካውም። «ታዲያ ተስማምተው ይኖሩ የለ እንዴ?» አለኝ። ቀጠለና «ወንድ ከፈለግሽ አለ፣ ቅናሽ አደርግልሻለሁ»። እህል ሰፋሪው ልጅ አሁንም ሳቀ። ስወጣ ከኋላዬ ለሌላ ገዢ «ሁለት ዙር ፈልፍለዋል» ሲል ሰማሁት። ዞሬ «ጣቱን አስነሳውና ቀለበቱን አንብብ!» ብዬ ጮኽኩ። እብድ ነው የመሰልኳቸው።

እናንተም ሳትከፍሉ ቀለበቱን አንብቡ። ፆታን ከተነቀለ ላባ ላብራቶሪ ይለየዋል፤ ዳሌ መዳሰስ ግምት ነው። ካልሲየም እንዲያገኙ የካትልፊሽ (የባሕር እንስሳ) አጥንት ከኬጁ አይጥፋ። ወለል ላይ ተነፍታ ካያችኋት አሙቋትና በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ሩጡ፤ እንቁላሉን ራሳችሁ ለማውጣት አትሞክሩ።

የቀረችው እንቁላሏን ታቅፋለች። እንደማይፈለፈል አውቃለሁ። ይሄኛውን ግን አልወስድባትም።