ክሊር አላይነር በጎጃም፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ፣ በተለይ ሲጠፋ

በተራ ቁጥሩ እየተቀየረ ጥርስ ስለሚያስተካክለው ስስ ፕላስቲክ፣ ስለ ክሊር አላይነር፣ የሚወራው አብዛኛው ነገር የመጀመሪያውን ሳምንት የሚመለከት ነው፤ ያማል ወይ? ያኮላትፋል ወይ? መልሱ አጭር ነው። አዲሱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጥርስ ይወጠራል፣ ጠንካራ ነገር መንከስ ያስቸግራል፣ «ሰ» እና «ዘ» ያደናቅፋሉ፣ ከዚያ ይለመዳል። ማታ ልትተኙ ስትሉ ከቀየራችሁት ከባዱ ሰዓት በእንቅልፍ ያልፋል። ወራት ሲቆጠሩ ግን ሰውን የሚፈትነው ሕመሙ አይደለም፤ የዕቃው መጥፋት ነው።

ብሬስ፣ ማለትም የሽቦው ጥርስ ማስተካከያ፣ ጥርስ ላይ ስለተለጠፈ አይጠፋም። አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት፤ የሚወጣው ለምግብና ጥርስ ለመቦረሽ ነው፣ የሚጠፋውም ያኔ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ገበታ ቶሎ አይነሳም። እጅ ይታጠባል፣ ጉርሻው ይከተላል፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይዘልቃል። አላይነሩን በሶፍት ጠቅልሎ ትሪው ጥግ ላይ ያስቀመጠ ሰው ወሬ ሲይዝ ይረሳዋል፤ ገበታውን የሚያነሱት ሰዎችም ሶፍቱን ከትርፍራፊው ጋር ጠርገው ይጥሉታል። ጥር ላይ፣ ጥምቀትና ሠርግ ሲደራረብ፣ በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጾም በተቃራኒው ለዚህ ዕቃ ይመቻል፦ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው አላይነሩን ቀኑን ሙሉ ሳይነካው ይውላል። አፍ ሲደርቅ ጠረን ስለሚያመጣ ብቻ ጠዋት ጥርሱም አላይነሩም በደንብ ይቦረሽ።

ጠፋ እንበል። መጀመሪያ ፈልጉት፤ ግን በዘዴ። ፕላስቲኩ ከሩቅ ስለማይታይ የእጅ ስልክ መብራት በአግድም አብሩና የሚያንጸባርቀውን ተመልከቱ። ሶፍቶቹን አንድ በአንድ ፍቱ፣ የትርፍራፊውን ዕቃ ገልብጡ፣ የኪስና የነጠላ ጫፍ ዳብሱ። ግቢ ውስጥ ውሻ ካለ ፍጠኑ፤ ውሻ የምራቅ ሽታ ስለሚስበው ያኝከዋል። ከተገኘ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ቆሽሿል ተብሎ የፈላ ውኃ ወይም በረኪና አይነካውም። ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣመመ ደግሞ እንደጠፋ ቁጠሩት፤ የተሰነጠቀ አላይነር ድድ ይቆርጣል፣ ጥርስንም በታሰበው አቅጣጫ አይገፋም።

ካልተገኘ ለዚያች ሌሊት አንድ ሕግ አለ፦ ባዶ አፍ አይታደርም። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በቀጭን ጅማት ነው። አላይነሩ ሲገፋ በአንድ ወገን ጅማቱ ይጨመቃል፣ በዚያ በኩል ያለው አጥንት ቀስ እያለ ይሟሟል፤ በሌላው ወገን አዲስ አጥንት ይሠራል። አዲሱ አጥንት ሳይጠነክር ግፊቱ ከተነሳ የተለጠጠው ጅማት ጥርሱን ወደ ነበረበት ይስበዋል። አንድ አላይነር የሚያንቀሳቅሰው አብዛኛውን ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂት ቀን ባዶ አፍ መቆየት የአንድ ሙሉ ደረጃ ሥራ ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ያለፈውን ቁጥር አውጡና አድርጉት። ለምሳሌ የጠፋው 9ኛው ከሆነ 8ኛውን ማለት ነው። ያለፉትን መጣል የለባችሁም የምንለው ለዚህ ነው፤ ቢያንስ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥንዶች ታጥበው፣ ደርቀው፣ ቁጥራቸው በተጻፈበት ላስቲክ ይቀመጡ። ፕላስቲኩ ላይ የታተመው ቁጥር በጣም ደቃቅ ነው፤ ማታ በደብዛዛ መብራት አይነበብም። የጠፋው የላይኛው ብቻ ከሆነ የታችኛው እንደወትሮው ይቀጥላል፤ ሁለቱንም ማውጣት አያስፈልግም።

በማግስቱ ለሐኪሙ ይደወላል። ወደፊት ይኬድ ወይስ ይጠበቅ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው፤ የሚያየውም በዋናነት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጠፋው በስንተኛው ቀን እንደሆነ ነው። በ14 ቀን የሚቀየር አላይነር በ11ኛው ወይም በ12ኛው ቀን ከጠፋ ሥራውን ሊጨርስ ተቃርቧልና ብዙ ጊዜ ቀጣዩ እንዲገባና ጥቂት ቀናት ተጨምረው እንዲደረግ ይታዘዛል። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ከጠፋ ግን ጥርሱ ገና አልደረሰም፤ ያለፈው እየተደረገ ምትኩ ይሠራል። ሁለተኛው በዚያ ደረጃ የታቀደው እንቅስቃሴ ከባድ መሆን አለመሆኑ ነው። ጥርስ የሚዞርበት ወይም የሚሳብበት ደረጃ አይዘለልም። ይህ ዕቅዱ ላይ ያለ እንጂ በመስታወት የሚታይ ስላልሆነ፣ ቀጣዩን በራስ ውሳኔ ማስገባት አያዋጣም።

ሐኪሙ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ዳር ደግሞ ከ500 በላይ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ የዓባይን በረሃ ማቋረጥ አይጠበቅባችሁም። በቴሌግራም የሚላክ ጥሩ ፎቶ ብዙውን ይጨርሳል። አምስት ፎቶ አንሱ፦ ጥርስ ገጥሞ ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፤ ከዚያ ያለፈው አላይነር ገብቶ ከፊትና የባሰ ክፍተት ካለበት ጎን። ፎቶው በቀን ብርሃን፣ መስኮት ፊት ለፊት፣ ከንፈር በጣት ተገልጦ ይነሳ። ከሥሩ የጠፋው ቁጥር፣ ላይኛ ወይስ ታችኛ፣ ስንተኛው ቀን፣ አሁን አፍ ውስጥ ያለው ስንተኛው እንደሆነ ይጻፍ። እነዚህ ከሌሉ መልሱ ሌላ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል፣ አንድ ቀን ይባክናል።

ያለፈው አላይነር በትክክል መግባቱን ራሳችሁ መመርመር ትችላላችሁ። መስታወት ፊት ቁሙና የጥርሱን ጫፍና የፕላስቲኩን ወለል ተመልከቱ። ጥርሱ ፕላስቲኩን ሞልቶት ከሆነ ገብቷል። በመካከሉ ባዶ ቦታ ከታየ አልደረሰም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ወደኋላ የሚቀሩት ከፊተኞቹ ሁለት ትልልቅ ጥርሶች ቀጥለው ያሉት የላይኞቹ ናቸው፣ መጀመሪያ እነሱን እዩ። አላይነሩን እንዲይዙ ጥርስ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ ጉብታዎችም ፕላስቲኩ ላይ ባሉት ኪሶቻቸው መግባት አለባቸው። ክፍተት ካለ ለዚሁ የተሠራውን ትንሽ ጎማ እያንዳንዱ ጥርስ ላይ እያዞሩ ለጥቂት ደቂቃ መንከስ ያግዛል። በአንድ ሁለት ቀን ካልሞላ ግን አታስገድዱት። 8ኛው እንቢ ካለ 7ኛው ይሞከር፣ ለሐኪሙም ይነገር።

ምትኩ የሚሠራው ከተቀመጠው የኮምፒውተር ፋይል ነው፦ የጥርሱ ቅርጽ በ3ዲ ይታተማል፣ ፕላስቲኩ ሞቆ በላዩ ይሳባል። ጥርሱ ካልተንቀሳቀሰ አዲስ ስካን አያስፈልግም። ያለ ምንም አላይነር ሳምንታት ካለፉ ግን አሮጌው ፋይል አይገጥምም፤ እንደገና ስካን ተደርጎ ዕቅዱ ከዚያ ይቀጥላል። ገንዘብም ጊዜም የሚያስወጣው ይኼኛው ነው። መንገድ ወይም ኔትወርክ ሊቋረጥ በሚችልበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከመነሻው ሐኪሙን መጠየቅ ይበጃል፦ ቀጣዮቹ ጥቂት ጥንዶች አስቀድመው ይሰጡ፣ «ከጠፋ እንዲህ አድርግ» የሚለው ትእዛዝም በወረቀት ይጻፍ። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ምትክ በነጻ ስንት ጊዜ እንደሚሠራ፣ የመላኪያው ወጪ የማን እንደሆነ፣ ፋይሉ እስከ መቼ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ተቀበሉ። ለእኛ፣ ከከተማ ርቀን ለምንኖር፣ ከፕላስቲኩ ስም ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ጥንካሬውን በተመለከተ ቅሬታ የለንም። ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከመንጋጋ በኩል ነው፣ ያውም በአንድ ጎን ብቻ ስቦ በማውጣት። በሁለቱም በኩል ከውስጥ፣ ከምላስ ወገን፣ በጥፍር ላላ አድርጋችሁ ወደፊት አምጡት። ድድ የሚቧጭር ጠርዝ በጥፍር ሞረድ ይለሰልሳል። ትኩስ ቡና አላይነር አፍ ውስጥ እያለ አይጠጣም፦ ያጣምመዋል፣ ቀለምም ይይዛል። አልጫ ውስጥ ያለው እርድ ከሁሉ የባሰ ቢጫ ነው። ቆሎ ሲቆረጠም ጉብታዎቹ ሊነቀሉ ይችላሉ፤ የተነቀለ ጉብታ ካለ ለሐኪሙ አሳውቁ፣ አላይነሩ መያዣ አጥቷልና። ጥርስ በመፋቂያ መፋቅ የለመደ ሰው ጉብታዎቹ ባሉበት በኩል ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀም።

ማስቀመጫውን በሚመለከት፣ ደማቅ ቀለም ያለውን ምረጡ፤ ነጩና ግራጫው ገበታ ላይ ይሰወራል። ለግብዣ ስትሄዱ ማስቀመጫው ኪስ ውስጥ ካልገባ አላይነሩ አይውጣ። ማስቀመጫ ከተረሳ ባዶ የውኃ ብርጭቆ አስመጥታችሁ ከፊታችሁ አኑሩት፤ ሶፍት ግን በፍጹም።

ሕክምናው አልቆ ሪቴይነሩ፣ ጥርሱን በደረሰበት የሚያቆየው ዕቃ፣ ከጠፋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ከእሱ በኋላ የሚተካ ቀጣይ ቁጥር የለም። የመጨረሻውን አላይነር ያኔውኑ አስገቡና ምትክ እስኪደርስ ሌሊትም ቀንም አድርጉት። ሪቴይነር ሲሠራ ሁለት ጥንድ አዝዙ፣ አንዱም ከቤት አይውጣ።