የመጀመሪያ ቤት በአዳማ፦ የትኛው ግዢ ስንት ያስወጣል፣ መቼስ ያስወጣል?

«ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው መንግሥት ግብር ይመልሳል» የሚለው ወሬ አዳማ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካ በሚደወል ስልክ ነው። ወሬው ውሸት አይደለም፤ ግን ያረጀ ነው፣ ደግሞም የእኛ አይደለም። በአገራችን የገቢ ግብር ሕግ ደመወዝተኛ ቤት ስለገዛ ከግብሩ የሚቀነስለት ሳንቲም የለም፤ ለባንክ የሚከፍለው ወለድም አይታሰብለትም። በ2017 ዓ.ም. ከተሻሻለው ሕግ በኋላ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ደመወዙ ላይ 35 በመቶ የሚከፍል የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ቤት ቢገዛም ባይገዛም ያንኑ ይከፍላል።

ታዲያ ምን ይነጻጸራል? የአዳማ ገዥ በእጁ ያለው ምርጫ የግዢው ዓይነት ነው። አንዱ ግዢ ገንዘቡን በመጀመሪያው ቀን ይጠይቃል፤ ሌላው ትንሽ ወስዶ ለዓመታት ይከተላል፤ ሦስተኛው ርካሽ መስሎ ታይቶ ዋጋውን ቤቱ በሚሸጥበት ቀን ይቀበላል። ከዚህ በታች የማነጻጽረው በዚህ ሚዛን ነው።

አሜሪካኖቹ የሰጡት ምን ነበር?

በዚህ ክፍል ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2008 የቤት ገበያቸው ሲወድቅ የወጣው ሕግ ለመጀመሪያ ቤት ገዥ የቤቱን ዋጋ 10 በመቶ፣ ቢበዛ 7,500 ዶላር ሰጠ። ስሙ የግብር ቅናሽ ይሁን እንጂ ነገሩ ወለድ የሌለው ብድር ነበር፤ ሙሉውን የወሰደ ሰው በዓመት 500 ዶላር እየከፈለ በ15 ዓመት እንዲመልስ ተደረገ። በፌብሩዋሪ 2009 የጸደቀው ሕግ ግን ጣሪያውን ወደ 8,000 ዶላር ከፍ አድርጎ መመለሱን አስቀረ፤ የጠየቀው ገዥው ቤቱን ለ36 ወር ዋና መኖሪያው አድርጎ እንዲቆይ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ተራዘመ፤ በመጨረሻም እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2010 ውል ለፈረሙ ገዥዎች ሆኖ ተዘጋ። ከግዢው በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት የራሱ ዋና መኖሪያ ያልነበረው ሰው እንደ መጀመሪያ ገዥ ይቆጠር ነበር፤ ስለዚህ ድሮ ቤት የነበራቸውም ገብተውበታል።

የሁለቱም ሕጎች ድካም አንድ ነበር፦ ገንዘቡ የሚመጣው ቤቱ ከተገዛ በኋላ፣ ግብር ሲታወቅ ነው። ቅድመ ክፍያ ያጣ ሰው ከግዢው በኋላ በሚመጣ ገንዘብ በሩን አይከፍትም። የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ይህን አይተው በሜይ 2009 የተወሰኑ አበዳሪዎች ገንዘቡን አስቀድመው እንዲሰጡ ፈቀዱ።

ዘመድዎ ዛሬ እዚያ ቤት ሊገዛ ከሆነ ያ ቅናሽ እንደሌለ ይንገሩት። ከ1984 ጀምሮ ያለና በየክፍለ ግዛቱ የቤቶች ተቋም የሚሰጥ የወለድ ሰርተፍኬት ግን በብዙ ቦታ አለ፤ ከዓመቱ የቤት ብድር ወለድ የተወሰነውን መቶኛ በቀጥታ ከግብር ይቀንሳል። የሚጠየቀው ብድሩ ከመፈረሙ በፊት ነው።

ካርታ ያለው ያለቀ ቤት

ወደ አዳማ እንመለስ። አብዛኛው ሰው የሚመኘው ግቢ ያለው፣ ካርታው በሻጩ ስም የሆነ፣ ከጀርባው ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍል ያለው ቤት ነው። ከሁሉም ግዢዎች በመጀመሪያው ቀን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ግን ሰነዱ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ላይ የሚያስደነግጠው ነገርም ከሁሉም ያነሰ ነው።

ከቤቱ ዋጋ በላይ የሚወጣው ምንድን ነው? የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 ለባለቤትነት ሰነድ ማዛወሪያ ከዋጋው 2 በመቶ ጥሏል። የከተማው የስም ማዛወሪያ አገልግሎት ክፍያ አለ፣ የውል ማረጋገጫው አለ፣ የደላላ አለ። ትልቁና ብዙ ገዥ የሚዘነጋው ግን የሻጩ ግብር ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ሕንፃ አትርፎ የሸጠ ሰው በትርፉ ላይ 15 በመቶ ይከፍላል። ሻጩ ራሱ የኖረበት ቤትና በኪራይ የያዘው ቤት በዚህ ግብር ዓይን አንድ ስላልሆኑ፣ የሚገዙት ቤት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። ቤቱ 5 ሚሊዮን ብር ነው፤ ሻጩ ግብር የሚከፈልበት 2 ሚሊዮን ብር ትርፍ አለው እንበል። የቴምብሩ 2 በመቶ 100,000 ብር ይሆናል። የሻጩ 15 በመቶ ደግሞ 300,000 ብር ነው። በሕጉ ይህ ሁለተኛው የሻጩ ዕዳ ነው። ነገር ግን ደላላው በሚያዘጋጀው ውል ውስጥ «ማናቸውንም የመንግሥት ክፍያ ገዥ ይሸፍናል» የምትል አንዲት መስመር ትገባለች፤ ሰው በደስታ ላይ ሆኖ ይፈርማል፤ 300,000 ብሩም ወደ እሱ ይዞራል። በአዳማ ገዥ በአንድ ንግግር ሊያገኘው የሚችለው ትልቁ ቅናሽ ይህችን መስመር ማስቀየር ይመስለኛል። «የሻጭ ግብር የሻጭ፣ የቴምብርና የስም ማዛወሪያ የገዥ» ተብሎ ይጻፍ።

ሌላ ቅናሽ የሚባል ነገርም አለ፤ በውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሶ መጻፍ። አምስት ሚሊዮኑን ሁለት ሚሊዮን አድርገን እንጻፍና ቀረጡ ይነስ ይባላል። ሕገ ወጥነቱ ሳይነሳ እንኳ ስሌቱ ገዥውን የሚጎዳ ነው። ከተማው በራሱ ግምት ሊያስከፍል ስለሚችል ቀረጡ የግድ አያንስም። ሽያጩ በፍርድ ቤት ቢፈርስ እጅዎ ላይ ያለው ማስረጃ የሁለት ሚሊዮን ነው። ከዓመታት በኋላ ቤቱን በሰባት ሚሊዮን ሲሸጡ ደግሞ የገዙበት ዋጋ ሁለት ሚሊዮን ተብሎ ስለተጻፈ፣ ግብር የሚከፈልበት ከሆነ የሌላውን ሰው ትርፍ ጭምር እርስዎ ይከፍሉበታል። እንደ 2008ቱ የአሜሪካ ሕግ ቅናሽ የሚመስል ብድር ነው፤ ልዩነቱ የአሜሪካው መጠኑ ታውቆ በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ መከፈሉ ነው።

ነባር ይዞታ የሆነ፣ ማለትም መሬቱ በሊዝ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው መንገድ የተያዘ ቤትም ጥያቄ ይፈልጋል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ይዞታውን በሊዝ ሥርዓት እንደሚይዝ ይደነግጋል። ሻጩ በየዓመቱ ትንሽ የቦታ ኪራይ ሲከፍልበት የኖረው ግቢ ለእርስዎ ዓመታዊ የሊዝ ክፍያ ይዞ ሊመጣ ይችላል። መጠኑን ሻጩም ደላላውም አይነግሩዎትም፤ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ግን ይነግርዎታል።

ስለ ቀብድ አንድ ነገር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ሳይወጣ፣ የሻጩ ባል ወይም ሚስት ሳይፈርሙ ወፍራም ቀብድ አይስጡ። ከዋጋውም ደህና አድርጎ የሚቆረጥ ገንዘብ ካርታው በስምዎ እስኪዞር እጅዎ ላይ ይቆይ።

ሰርቪሶቹን አከራይቶ የባንክ ብድር መክፈል የአዳማ የተለመደ ዘዴ ነው። ኪራዩ የኪራይ ገቢ ግብር አለበት። እዚህ ላይ ሕጉ አንድ የሚያስገርም ጎን አለው፦ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ ለቤቱ የከፈለውን የብድር ወለድ ከኪራይ ገቢው ላይ ሊቀንስ ይችላል፤ በዚያው ቤት ውስጥ የሚኖር ደመወዝተኛ ግን ከደመወዙ ላይ አይቀንስም። ወለድ የሚታሰበው ለአከራይ እንጂ ለነዋሪ አይደለም ማለት ነው። ለብዙ ክፍል ባለቤት መዝገብ መያዙ የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮንዶሚኒየምና አፓርታማ

መንግሥት በአዳማ ከሠራቸው ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ዛሬ ከሁለተኛና ከሦስተኛ እጅ የሚሸጡ አሉ። ከግቢ ቤት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ዝቅ ስለሚል በመቶኛ የሚታሰበው ቀረጥም አብሮ ዝቅ ይላል። ባንክም ካርታ ያለውን ኮንዶሚኒየም በመያዣነት ለመቀበል አይቸገርም። ማጣራት ያለብዎ ቤቱ ከዕጣው ጊዜ የቀረ የባንክ ዕዳ እንደሌለበትና የመሸጫ ገደብ ዘመኑ እንዳለፈ ነው። ውክልና ይዞ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎት ውክልናው እንዳልተሻረና ወካዩ በሕይወት እንዳለ ያረጋግጡ፤ ወካይ ሲሞት ውክልናም አብሮ ያበቃል።

በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ወጪ የጋራ ነው፤ የደረጃው መብራት፣ ጣሪያው፣ የውኃ ፓምፑ። የመጨረሻው ፎቅ ርካሽ ከሆነ ምክንያት አለው። የአዳማን የሚያዝያ ፀሐይ ሲሚንቶ ጣሪያ ሥር የቀመሰ ያውቀዋል፤ ውኃም እዚያ ድረስ የሚወጣው ፓምፑ ሲሠራ ነው።

ከሪል ስቴት አዲስ አፓርታማ ሲገዙ ደግሞ የተለየ ጥያቄ ይነሳል፦ የተነገረዎ ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ያካትታል ወይስ አያካትትም? በ4 ሚሊዮን ብር ላይ ልዩነቱ 600,000 ብር ነው። መልሱን በቃል አይቀበሉ፤ ውሉ ላይ ይጻፍ።

የሊዝ መሬትና ማኅበር

በጨረታ የሚገኝ የሊዝ መሬት ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ቅድመ ክፍያ 10 በመቶ ሲሆን፣ ቀሪው በየዓመቱ ከወለድ ጋር ይከፈላል። የመጀመሪያው ቀን ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ግንባታው ይከተላል፤ ብረትና ሲሚንቶ ደግሞ እርስዎ ገንዘብ እስኪያጠራቅሙ ዋጋቸውን ይዘው አይጠብቁም። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ልሽጠው ቢሉ ሕጉ የመሬቱን ትርፍ ለእርስዎ አይተውም። ስለዚህ ሊዝ የሚያዋጣው የመሬቱን ብቻ ሳይሆን የመሠረቱንና የግድግዳውን ገንዘብ አስቀድሞ ለያዘ ሰው ነው። በሚገነቡበት ጊዜ የሚከፍሉትን የቤት ኪራይም ከወጪው ይደምሩት።

ማኅበር፣ ማለትም ሰዎች ተደራጅተው ከከተማው መሬት ወስደው ቤት የሚሠሩበት የመኖሪያ ቤት ማኅበር፣ ለደመወዝተኛ ከሁሉም የሚቀርብ መንገድ ነበር፤ አሁንም ከተማው መሬት ሲያቀርብ ነው። በጨረታ ዋጋ አይወዳደሩም፤ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠው ገንዘብም ለራስዎ ግንባታ የሚውል ነው። ዋጋው የሚከፈለው በጊዜና በሰው ነው፤ አንድ አባል ሲያጓትት ሌላው ይቆማል። ተራቸው ሳይደርስ የአባልነት ድርሻ በጓሮ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ያንን መግዛት ወረፋ መግዛት እንጂ ቤት መግዛት አይደለም።

ካርታ የሌለው

ከከተማው ዳር ከገበሬ ላይ በ«ስጦታ» ወይም በ«ብድር» ውል የሚሸጥ ቦታ በሰንጠረዥ ቢቀመጥ የመጀመሪያ ቀን ወጪው ከሁሉም ያነሰ ይሆናል፤ ቀረጥ የለም፣ ስም ማዛወሪያ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል የሚገዙት ነገር በሕግ ፊት የለም። ባንክ አያበድርበትም፣ ሲፈርስ ካሳ መጠየቅም ይከብዳል። ከንጽጽሩ አውጥቼዋለሁ።

ለማን የቱ?

ሁለት ደመወዝ የሚገባበት፣ ቅድመ ክፍያ ያጠራቀመ ቤተሰብ ቢጠይቀኝ ኮንዶሚኒየሙን አስቀድማለሁ፤ ወጪው በመጀመሪያው ሳምንት ተቆጥሮ ያልቃል። ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት የሚረዳው ሰው ካርታ ያለውን የግቢ ቤት ይመልከት፤ ብሩ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ የመደራደር አቅሙም ከፍ ያለ ነው፣ የሻጭ ግብርን መስመር ለማስቀየርም ይመቸዋል። በቤተሰቡ ውስጥ ግንበኛ ወይም መሐንዲስ ያለ እንደሆነ ሊዙን አልከለክልም።

በሁሉም ግዢዎች ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ነው፤ ክልሎችና ከተሞች በየራሳቸው ሲሠሩበት ሰፊ ግቢ ያለው ባለቤት ከኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ የበለጠ መክፈሉ አይቀርም። ሁለተኛው ጎርፍ ነው። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ሜዳ ናት፤ በክረምት ከከፍታው የሚወርደው ውኃ በየዓመቱ አንዳንድ ሰፈሮችን ያጥለቀልቃል። በኮረብታ ሥር ያለ ቤት ሲታይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይታይ፤ በጥር የሚታይ ከሆነ የአጥሩን ግርጌ ይመልከቱ፣ ውኃው የደረሰበትን መስመር ቀለም ሳይሸፍነው አይቀርም፣ ጎረቤት ግን ያስታውሰዋል።