ሊብሬ ኦፊስ በድሬዳዋ የጽሕፈት ሱቆች ዓይን

በከዚራና በመጋላ ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ በሚተየብባቸው ሱቆች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሳይከፈልበት እንዲሠራ ፈቃዱ የተሰበረ የቢሮ ፕሮግራም ሲሆን፣ ከመስበሪያው ጋር ተደብቆ የሚገባው ቫይረስ የደንበኛውን ፍላሽ ሳይቀር ይበክላል። በምትኩ ሊብሬ ኦፊስ የተባለውን የጽሑፍና የሒሳብ ሰንጠረዥ መሥሪያ ፕሮግራም የምመክረው ግን ክፍያ ስለማይጠየቅበት ብቻ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ኦፕን ኦፊስ ከተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም ተለይቶ የወጣው ይህ ፕሮግራም ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፣ አሠራሩን እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽለውና አባዝቶ እንዲያድል ስለሚፈቅድ፣ አንድ ሱቅ ያወረደውን መጫኛ በፍላሽ ለሰፈሩ ሁሉ ማዳረስ ሕጋዊ ነው፤ የኢንተርኔት ጥቅል እየቆጠረ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲጫን አማርኛን ለመረጠ ሰው ምናሌው በአማርኛ ይቀርባል (አንዳንዱ ትርጉም ግን ግራ ያጋባል)። ፒዲኤፍ ለማውጣትም ተጨማሪ ፕሮግራም አያሻም።

እንከን የለሽ ግን አይደለም። ሰንጠረዥና ሥዕል የበዛበት የወርድ ሰነድ ሲከፈት አሰላለፉ ሊዛነፍ ይችላል፤ ሰነዱ የተጻፈበት የግእዝ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ደግሞ ፕሮግራሙ ሌላ ፎንት ስለሚተካ የገጹ ብዛት ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተይብ ተማሪ ለኅትመት የሚሰጠውን ቅጂ በፒዲኤፍ ቢያስወጣ ይሻላል። በማክሮ (ሥራን በራሱ በሚያከናውን የትእዛዝ ስብስብ) የታጨቀ የኤክሴል ፋይል ለሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ግን አልመክረውም።