ኤች ኦ ወይስ ኤን? ትልቅ የሞዴል ባቡር በጋራ ለምትሠሩ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ሎኮሞቲቭ ነው። ዓይን የሚስበው እሱ ነዋ! ለብቻው የሚሠራ ሰው በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር የሚከስረው ራሱ ብቻ ነው። ከወንድም፣ ከአክስት ልጅና ከጓደኛ ጋር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ የገዛው ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ ካልሄደ ኩርፊያ ይመጣል። ስለዚህ ማንም እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት በስኬሉ (ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር ስንት ጊዜ እንደሚያንስ)፣ በኤሌክትሪኩና በጠረጴዛው ላይ ተስማሙ።

ከስኬሉ እንጀምር። ለትልቅ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚፎካከሩት ኤች ኦ እና ኤን ናቸው። ኤች ኦ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን 160 ጊዜ ያንሳል፣ ስፋቱም 9 ሚሊ ሜትር ነው። 25 ሜትር የሚረዝም የመንገደኛ ፉርጎ በኤች ኦ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በኤን 16 ገደማ ይሆናል። አንድ ኪሎ ሜትር የእውነት መንገድ በኤች ኦ 11.5 ሜትር ያህል ሲወስድ በኤን ከ6 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በወረቀት ላይ ኤን ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ተራራውም፣ ድልድዩም፣ ረጅሙ ባቡርም ይገባሉ።

ችግሩ የሚመጣው እጅ ሲነካው ነው። የኤን ፉርጎ ከሐዲድ ሲወጣ መልሶ ማስገባት ትዕግሥትም ዓይንም ይጠይቃል። መነጽር የሚፈልግ አባትና የስድስት ዓመት ልጅ እዚህ ላይ እኩል ይቸገራሉ። ክብደቱ ቀላል ስለሆነም ትንሽ አቧራ ያቆመዋል። ኤች ኦ ከበድ ይላል፣ ጥፋትን ይቅር ይላል፣ በገበያም የተሻለ ምርጫ አለው። መንትያ ወንድማማቾች የጀመሩት፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሃምቡርግ ውስጥ የተከፈተው ግዙፉ የሞዴል ባቡር ትርዒት ሚኒያቱር ቩንደርላንድም በኤች ኦ ነው የተሠራው።

ኤች ኦ የሚያስከፍለው በኩርባ ነው። በጀማሪ ስብስቦች ውስጥ የሚመጡት ኩርባዎች ብዙ ጊዜ ከመሐል እስከ ሐዲዱ ከ36 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ረጅም ፉርጎ እዚያ ላይ ያስጠላል፣ አንዳንዴም ይወጣል። እኔ ከ60 በታች አልወርድም። ግን በ60 ኩርባ ባቡሩ ዞሮ ይመለስ ካላችሁ ጠረጴዛው ከ1.2 ሜትር በላይ መስፋት አለበት። የሰው እጅ ደግሞ በምቾት የሚደርሰው 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጠረጴዛውን ግድግዳ ላይ ካስጠጋችሁት ከኋላ የወደቀውን ባቡር የሚያነሳው በጠረጴዛው ሥር የሚድኸው ሰው ነው። ያ ሰው ማን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ዘወትር እኔ ነበርኩ። በዙሪያው መዞር የማትችሉ ከሆነ ኤን ይሻላችኋል።

ኦ እና ጂ የሚባሉ ትልልቆችም አሉ። የኦ ሐዲድ 32፣ የጂ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ጂ የጓሮ ባቡር ነው፤ ግቢ ካላችሁ ደስ ይላል። ኦ ወለል ላይ ለሚጫወቱ ትንንሽ ልጆች አሪፍ ነው፣ ቦታ ግን ይበላል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። በቡድን ለሚሠራ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ከስኬሉ በላይ ወሳኙ ይኼ ነው። ዲሲ በሚባለው በቀድሞው አሠራር የባቡሩን ፍጥነት የሚወስነው ሐዲዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ነው። እዚያ ሐዲድ ላይ ያለ ሎኮሞቲቭ ሁሉ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይቆማል። ለየብቻ ለማስኬድ ሐዲዱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ክፍል ማብሪያ ማጥፊያ መሥራት ያስፈልጋል። ውጤቱ? አንድ ሰው ይነዳል፣ አራት ሰው ያያል።

ዲሲሲ በሚባለው በዲጂታሉ አሠራር ግን ሐዲዱ ኃይልም ትእዛዝም ይዞ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ትእዛዙን የሚቀበል፣ ዲኮደር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፣ የራሱ ቁጥር አለው። ሁሉም ሰው የየራሱን መቆጣጠሪያ ይዞ የየራሱን ባቡር ይነዳል። አንዳንዱ ማዕከላዊ ማሽን በዋይፋይ ስልክንም መቆጣጠሪያ ያደርገዋል። ልጆቹ ያለ አስተማሪ ይገባቸዋል። ወጪው ማሽኑና ለየሎኮሞቲቩ የሚገባው ዲኮደር ነው። ሎኮሞቲቭ ስትገዙ የዲኮደር ሶኬት እንዳለው ጠይቁ። ሶኬት የሌለው አሮጌ ሎኮሞቲቭ ሆዱን ከፍቶ ሽቦ መበየድ ይፈልጋል። ደግሞም ዲሲሲ በራሱ ግጭት አይከለክልም። ሁለት የአጎት ልጆች ባቡሮቻቸውን ፊት ለፊት ሊያላትሙ ይችላሉ፤ ያላትማሉም።

ሌላው ወጥመድ ሜርክሊን የሚባለው የጀርመን ድርጅት የሚሠራው ባለ ሦስት መስመር ኤች ኦ ነው። ስኬሉ ያው 87 ነው፣ ግን ኤሌክትሪክ የሚወስደው ከሐዲዱ መሐል ካሉት ትንንሽ ነጥቦች ነው። ጥቅሙ የሚገርም ነው። ሐዲዱ ዞሮ ራሱ ላይ ሲመለስ ሾርት አያደርግም። ባለ ሁለት መስመር ሐዲድ ግን ሾርት ያደርጋል፣ አቅጣጫውን የሚገለብጥ ዕቃ ይፈልጋል። ጉዳቱም ከባድ ነው። የጓደኛችሁ ባለ ሁለት መስመር ሎኮሞቲቭ እሱ ላይ አይሄድም፣ የሜርክሊን ፉርጎዎችም ጎማ ካልተቀየረላቸው ባለ ሁለት መስመሩን ሐዲድ ሾርት ያደርጋሉ። ወይ ሁላችሁም ግቡበት፣ ወይ ማንም አይግባ።

ሐዲዱን በተመለከተ ካቶ የሚባለው ድርጅት እንደሚሠራው ዩኒትራክ ያለው፣ ከሥሩ የፕላስቲክ መደብ ያለው፣ ቀጭ ብሎ ይገጣጠማል። ልጅም ይሠራዋል፣ ይፈታዋል። የአንዱ ድርጅት ከሌላው ጋር ግን በቀላሉ አይገጥምም። ፍሌክስ የሚባለው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ እንደ ፈለጉ የሚታጠፍ ነው። ለረጅም መንገድ ቁጠባ አለው፣ ግን መቁረጥና መበየድ የሚችል ሰው ይኑራችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ጥያቄው አንድ ነው፤ ቤቱ የማን ነው? ባለቤቱ ቤት ቢቀይር፣ ቢጣላ ወይም ልጅ ቢወልድ ቋሚው ሥራ ይፈርሳል። በክፍል በክፍል ሠርቶ በብሎን ማያያዝ ይቻላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ክፍል ቤቱ ይሠራል፣ ሲገናኙ ይገጥሙታል። የጫፉን ከፍታና የሐዲዱን ቦታ አስቀድሞ መስማማት ብቻ ነው። ቋሚው ያምራል፣ መጋጠሚያው አይታይም። ለእኔ ግን በክፍል የተሠራ፣ ዲሲሲ የገባለት ኤች ኦ ይበልጥብኛል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ የኤች ኦ እና አንድ የኤን ፉርጎ ከየሐዲዱ ጋር ተዋሱ። ከመካከላችሁ በዕድሜ ትልቁና ትንሹ ሐዲዱ ላይ ያስቀምጧቸው። ሁለቱም ያለ እርዳታ ኤንን ካስቀመጡት፣ ያልኩትን ትታችሁ ኤን ግዙ።